ዝርዝሩ 180፣ የሚመጡት 14

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከመምህራን፣ ከተማሪዎችና ከአንዲት እናት የደረሱን ናቸው። ሁሉም የሚጠይቁት በትልልቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስላሉ ክበባት ነው። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ትምህርት ቤታችን በሁለት ፈረቃ ከ3,000 በላይ ተማሪዎች ያስተምራል። እኔ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ተጠሪ ነኝ። መዝገቡ ላይ 180 አባላት አሉ፤ ስብሰባ ስጠራ ግን የሚመጡት 14 ናቸው። የቀሩትን በምን መንገድ ላምጣቸው? (መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህር፣ የቀሩትን ለማምጣት አይድከሙ። ክበብዎ 14 አባላት አሉት፤ ለሥነ ጽሑፍ ክበብ ደግሞ ይህ የተመቸ ቁጥር ነው። 166ቱ ስማቸው የገባው በዓመቱ መጀመሪያ «እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ክበብ ይምረጥ» ተብሎ ወረቀት በየክፍሉ ሲዞር ነው። ብዙዎቹ ጓደኛቸው የጻፈውን አይተው ጻፉ፤ አንዳንዶቹን የክፍል አለቃው ሞላላቸው። ይህ ዝርዝር ለወረዳ ሪፖርት ያገለግል ይሆናል፤ ክበብ ግን አይሠራበትም።

ቁጥሩን በሥራው በኩል ያስሉት። አንድ ተማሪ የጻፈውን በ5 ደቂቃ ቢያነብና ሌሎቹ 5 ደቂቃ አስተያየት ቢሰጡበት፣ ለመሰባሰቢያ 10 ደቂቃ ሲቀነስ በአንድ ሰዓት ውስጥ አምስት ሰው ብቻ ያነባል። በ14 አባላት እያንዳንዱ በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ ተራ ይደርሰዋል። አባላቱ 40 ቢሆኑ ተራው የሚደርሰው በስምንት ሳምንት ነው፤ ሁለት ወር ተቀምጦ የሰው ጽሑፍ ብቻ የሚሰማ የ16 ዓመት ልጅ ደግሞ ሦስተኛው ሳምንት ላይ መቅረት ይጀምራል። ስለዚህ ከ20 በላይ ሲሆኑ አንድ ክበብ አድርገው አያቆዩአቸው፤ ሁለት ቡድን ያድርጓቸው።

ምዝገባውን እንደገና ያካሂዱ፤ ጊዜው ግን መስከረም አይሁን። በመስከረም የ9ኛ ክፍል ተማሪ ገና የክፍሉን ቁጥር እየፈለገ ነው፤ ሴክሽን ይቀየራል፣ ፈረቃም ይዛወራል። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ወረቀቱን በየክፍሉ ማዞር ትተው ራሳቸው እንዲመጡ አንድ ቀንና አንድ ቦታ ያሳውቁ። የሚሞሉት ቅጽ አራት ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ስም፣ ክፍልና ሴክሽን፣ ፈረቃ፣ እንዲሁም «በዚህ ሴሚስተር ምን ትሠራለህ?» የሚል። ለመጨረሻው ጥያቄ መልስ ያጣ ተማሪ በተመልካችነት ይግባ፤ ለአባልነት አይቸኩሉበት።

ፈረቃውን በተመለከተ፣ ሁለቱን ወገኖች በአንድ ሰዓት ለመሰብሰብ መሞከር ክበቦችን ከሚገድሉ ነገሮች ዋነኛው ነው። የጠዋቱ ተማሪ 6 ሰዓት ገደማ ሲወጣ የከሰዓቱ እየገባ ነው፤ መካከል ላይ የሚገኘው ግማሽ ሰዓት በምሳ፣ በታክሲና በጥበቃ ክርክር ያልቃል። ሁለት ቡድን፣ ሁለት ምክትል ሰብሳቢ፣ አንድ መዝገብ ይኑር። የጠዋቱ ቡድን ከትምህርት በኋላ፣ የከሰዓቱ ቡድን ደግሞ ከትምህርት በፊት ይገናኝ፤ የሠሩትን እዚያው መዝገብ ላይ ይጻፉ። ዓርብ እኩለ ቀንን ይተዉት፤ ሙስሊም ተማሪዎች ለጁምዓ ስለሚሄዱ ቀኑ እነሱን በዝምታ ከክበቡ ያስወጣቸዋል።

ቀንና ሰዓቱ ከተወሰነ በኋላ ሦስት ሰው ቢመጣም ስብሰባውን አይሰርዙ። አንድ ጊዜ «ሰው ስላልተሟላ ለሚቀጥለው ሳምንት» ከተባለ፣ በሚቀጥለው ሳምንት እነዚያ ሦስቱም ይቀራሉ። የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚውል ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። ተማሪዎች በር ላይ 20 ደቂቃ ቆመው የተመለሱበት ክበብ ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ሲፈለግ ቁልፉ ከእርስዎ ጋር ክፍል ውስጥ ሆኖ ይገኛል።

ሌላው ክበብ የሚያደክም ነገር የበዓላት ዝግጅት ነው። ኅዳር 22 የኤድስ ቀን፣ የካቲት 23 የዓድዋ ድል፣ የካቲት 29 የሴቶች ቀን ሲመጣ «ግጥም አዘጋጁ» ይባላል። ልጆቹ ሳምንት ሙሉ ይለፋሉ፤ ቀኑ ሲያልፍ ሁሉም ይበተናል። በሴሚስተር ሁለት በዓል ይምረጡና ለሌሎቹ ጥሪዎች ከተጻፈው ክምችት ይስጡ። በወር አንድ ጊዜ የሚለጠፍ የግድግዳ መጽሔት ካለዎት ክምችት አይቸግርዎትም፤ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ሰሌዳ ላይ በእጅ የተጻፉ 8 ገጾች በደንብ ይቀመጣሉ። ከጥር መጀመሪያ እስከ ሴሚስተሩ ፈተና መጨረሻ፣ እንዲሁም ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ምንም አያቅዱ።

ጥያቄ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ ሰብሳቢ ነኝ። 4 ሆርን ስፒከሮች ከአንድ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝተናል። አምፕሊፋየሩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይግልና ይጠፋል፤ ማይኩ ሲከፈት ደግሞ ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት ይነሳል። በተጨማሪ ተማሪዎች «ድምፅ እንጂ ቃል አይሰማም» ይሉናል። (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ በተራ እንያቸው።

መጀመሪያ ግለቱ። የሆርኖቹን ጀርባ ተመልከት። «8 ኦም» (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ተብሎ የተጻፈ ከሆነና አራቱንም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ካገናኛችሁ፣ አምፕሊፋየሩ የሚያየው 8 ለ4 ተካፍሎ 2 ኦም ነው። አብዛኞቹ አምፕሊፋየሮች ከ4 ኦም በታች አይችሉም፤ ከአቅማቸው በላይ ኤሌክትሪክ ይስባሉ፣ ይግላሉ፣ መከላከያ ካላቸው ይጠፋሉ፣ ከሌላቸው ይቃጠላሉ። የእናንተ መጥፋቱ ዕድል ነው። መፍትሔው እንዲህ ነው፦ ሁለቱን ሆርኖች በተከታታይ አገናኛቸው፤ የአንዱ ኔጋቲቭ ከሌላው ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል ማለት ነው። ይህ 16 ኦም ይሆናል። የቀሩትን ሁለቱንም እንዲሁ አድርግ። ከዚያ ሁለቱን ጥንዶች ጎን ለጎን አገናኛቸው፤ ጠቅላላው 8 ኦም ይመጣል።

አምፕሊፋየሩን ከመክፈትህ በፊት የስፒከሩን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ንቀልና ሁለቱን ጫፎች በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ኦሙን ለካ። ቴስተር ሁልጊዜ ከተጻፈው ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ 6 ወይም 7 ካሳየ ልክ ነው። ከ4 በታች ካሳየ አትክፈት፤ እርስ በርሱ የተነካካ ገመድ አለ ወይም አገናኘታችሁ ተሳስቷል።

ሆርኖቹ ውስጣቸው ትራንስፎርመር ያላቸውና «100 ቮልት» የተጻፈባቸው ከሆኑ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ያኔ ሁሉም ጎን ለጎን ይገናኛሉ፤ የዋታቸው ድምር ከአምፕሊፋየሩ አቅም 80 በመቶ እንዳይበልጥ ብቻ ትጠነቀቃለህ። ለምሳሌ 4 ባለ 30 ዋት ሆርን 120 ዋት ነው፤ 150 ዋት አምፕሊፋየር ይበቃዋል። ሁለቱን ዓይነት በአንድ መስመር አትቀላቅል። ትራንስፎርመር የሌለው ሆርን 100 ቮልት መስመር ላይ ከተገናኘ ውስጡ ያለው ድምፅ ሰጪ ወዲያው ይቃጠላል።

ፉጨቱ የሚመጣው ማይኩ የራሱን ድምፅ ከሆርኑ መልሶ ሲሰማ ነው። ድምፁ ይዞራል፣ ይጎላል፣ ይጮኻል። ሁሉም ሆርኖች ከአንባቢው ፊት ለፊት ወዳለው ሜዳ ይዙሩ፤ ማይኩ ከጀርባቸው ይሁን። አንባቢው ከማይኩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ በክንድ ርቀት ቆሞ ድምፅ ጨምሩልኝ ማለት ፉጨቱን መጥራት ነው። የማይኩን ራስ በእጅ ማፈንም ፉጨቱን ያባብሳል፤ ብዙ ልጆች ዘፋኝ አይተው ነው የሚያደርጉት። የማይነበብበት ማይክ ይዘጋ። ዜናና ጭውውት በስልክ ተቀርጾ ቢለቀቅ ደግሞ ማይክ ስለማይከፈት ፉጨት አይኖርም፤ የተሳሳተ አንባቢም እንደገና መቅዳት ይችላል።

«ቃል አይሰማም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ የገደል ማሚቶ ጉዳይ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሆርኑ 30 ሜትር ርቆ ወደቆመ የሕንፃ ግድግዳ ከዞረ ድምፁ 60 ሜትር ሄዶ ተመልሶ የሚመጣው ከ0.18 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው፤ አንዱ ቃል ሳያልቅ ያለፈው ቃል ይደርስበታል። ሆርኖቹን 4 ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏቸውና አፋቸውን ትንሽ ወደ መሬት፣ ተማሪው ወደሚቆምበት አዘንብሉት። ከዚያም ንባቡን አዝግሙ። ሜዳ ላይ በደቂቃ ከ90 እስከ 100 ቃል ይበቃል፤ በ15 ደቂቃ እረፍት ውስጥ የ8 ደቂቃ ዝግጅት ካላችሁ ጽሑፉ ከ800 ቃል አይብለጥ፤ ሙዚቃ ከገባበት ደግሞ ከዚያም ይነስ።

በመጨረሻ፣ ስትከፍቱ ሚክሰሩ (የማይኮቹን ድምፅ የሚያቀናብረው መሣሪያ) ይቅደም፣ አምፕሊፋየሩ ይከተል። ስትዘጉ ግን አምፕሊፋየሩ ይቅደም። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ የሚሰማችሁ «ዷ!» የሚል ድምፅ ሆርኑን የሚጎዳ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 12ኛ ክፍል ነው። የክርክር ክበብ ሰብሳቢ ሆኖ ማታ ድክም ብሎት ይመጣል። ላስወጣው ወይስ ልተወው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናታችን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ክበብ የማንንም ልጅ ውጤት አያበላሽም። ጊዜ የሚበላው ሰብሳቢነቱ ነው፦ ደብዳቤ ማጻፍ፣ አዳራሽ ማስፈቀድ፣ ተከራካሪ መለመን። አንድ ነገር ይጠይቁት፤ «ለክበቡ ሥራ ከክፍል ተጠርተህ የወጣህበት ጊዜ አለ?» በወር ከአንድ ጊዜ በላይ ከሆነ ከተጠሪ መምህሩ ጋር ይነጋገሩ። ሰብሳቢነት የ11ኛ ክፍል ሥራ መሆን አለበት። የ12ኛ ክፍል ተማሪ እስከ ጥር አባልና አማካሪ ሆኖ ይቆይ፤ ከዚያ በኋላ ለብሔራዊ ፈተናው ይልቀቁት። ከ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና ጀምሮ ብዙ ተፈታኞች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄደው አድረው ስለሚፈተኑ የዝግጅቱ ወራት ከቀድሞው የበለጠ እርጋታ ይፈልጋሉ። ሙሉ በሙሉ አያስወጡት ግን፤ ቆሞ መናገርና የሌላውን ሐሳብ ሰምቶ መመለስ በዚህ ዕድሜ ካልተለመደ በኋላ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ 300 ችግኞች ተከለ። ግንቦት ላይ ስንቆጥር የቀሩት 40 አይሞሉም። ዘንድሮም 300 እንድንተክል ተነግሮናል። (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ዘንድሮ 60 ትከሉ። ምክንያቱን በጀሪካን እናስላው። አንድ ችግኝ በበጋ በሳምንት ቢያንስ 5 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። 300 ችግኝ 1,500 ሊትር፣ ማለትም 75 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይጠጣል። በየሳምንቱ 75 ጀሪካን የሚያመላልስ ክበብ የለም። 60 ችግኝ ግን 15 ጀሪካን ነው፤ 15 አባላት አንድ አንድ ጀሪካን ይዘው በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል። ቁጥሩን ላዘዛችሁ አካል ይህን ስሌት በአንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ የአምናውን 40 ጨምራችሁ አቅርቡ። በፎቶ የታየ 300 ጉድጓድ ሳይሆን ቁሞ የሚቆጠር ዛፍ እንዲፈለግ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ።

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ከድርቁ በፊት ውርጩ ይመጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ በጠራባቸው ሌሊቶች ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳልና የግቢያችሁ ታችኛው ጥግ፣ በተለይ አጥር ወይም ግንብ የሚያቆመው ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚመታው ነው። እዚያ አትትከሉ። ለቀሩት በእያንዳንዱ ችግኝ ላይ ከአራት እንጨትና ከደረቅ ሣር ትንሽ ዳስ ሥሩለት። ጣሪያው ቅጠሉን አይንካ፤ የምሥራቁ ጎን ይሸፈን፤ ምክንያቱም ውርጭ የያዘው ቅጠል የማለዳ ፀሐይ በድንገት ሲያርፍበት የበለጠ ይጎዳል። ዳሱ እስከ ጥር መጨረሻ ይቆይ። ውኃውን ረፋድ ላይ አጠጡ፤ ወደ ማታ አይሁን።

ዝርያውም ለቦታው ይሁን። ጽድ፣ ወይራና ኮሶ የደጋ ዛፎች ናቸው። ግራቪሊያ በወይና ደጋ ያማረ ስለሆነ ችግኝ ጣቢያዎች በብዛት ይሰጣሉ፤ ውርጭ ግን አይችልም፤ በነጻ ቢሰጣችሁም አትቀበሉ።

ጉድጓዱ ሰኔ መግቢያ ላይ፣ ፈተና ሳይጀመር ይቆፈር፦ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ጥልቀት። የላይኛውን ጥቁር አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛውን በሌላ ወገን ክመሩ፤ ሲተከል ጥቁሩ ከሥሩ ጎን ይመለሳል። በዘመቻ ተከላ ቀን በብዛት የሚታየው ጥፋት ደግሞ ችግኙን ከነፕላስቲኩ መቅበር ነው። ፕላስቲኩ ካልወለቀ ሥሩ እዚያው ይጠቀለላል፤ ክረምቱን ለምለም መስሎ ይከርምና ኅዳር ላይ ይደርቃል። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ቅደዱት፤ ታች የተጠማዘዘ ሥር ካለ ቁረጡት፤ አፈሩ ግን አይበተን። ከተከላው በኋላ ለእያንዳንዱ ተካይ የለቀመውን ፕላስቲክ ቁጠሩለት፤ 4 የተከለ 4 ፕላስቲክ ካላስረከበ የተቀበረ አለ ማለት ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ተማሪ የለም፤ ዝናቡ ግን ውኃውን ይሸፍናል። የሚያስፈራው ሣሩ ችግኙን መዋጡና የጎረቤት በግ መግባቱ ነው። በእሾህ እጠሩና ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋር ተነጋገሩ፤ ቅርብ የሚኖሩ ሁለት አባላት በ15 ቀን አንዴ መጥተው ዙሪያውን ያርሙ። መስከረም ላይ ቆጥራችሁ ለእያንዳንዱ ችግኝ ቁጥርና የአጠጪውን ስም ስጡ። አጠጪው የ9ኛ ወይም የ10ኛ ክፍል ተማሪ ይሁን፤ የ12ኛው ተማሪ ዛፉ ሁለተኛውን በጋ ሳያልፍ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ የሴት ተማሪዎች ክበብ አባል ነኝ። ብዙ ልጆች የወር አበባ ሲመጣባቸው ሻርፕ ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ሁለትና ሦስት ቀንም ይቀራሉ። የንጽሕና መጠበቂያ ክፍል ለማዘጋጀት ፈቃድ አግኝተናል። ከምን እንጀምር? (የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከቁልፉ ጀምሩ። በብዙ ትምህርት ቤት ክፍሉም ፓዱም አለ፤ ቁልፉን የያዘችው መምህርት ግን እያስተማረች ናት። ልጅቷ በር ላይ ቆማ አትጠብቅም፤ ቤቷ ትሄዳለች። በእያንዳንዱ ፈረቃ ሁለት ሴት መምህራን ወይም አንዲት መምህርትና አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ቁልፍ ይኑራቸው፤ ስማቸው በሴቶች ሽንት ቤት በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ።

ክፍሉ ለሴቶች ሽንት ቤት ቅርብ ይሁን፤ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ። ቧንቧ የተገጠመለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ሳሙና፣ ክዳን ያለው ቅርጫት፣ መስታወትና አንድ ሁለት ትርፍ የደንብ ልብስ ቀሚስ ካለ በቂ ነው። ፓድ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ አይጣል፤ ስለማይበሰብስ ጉድጓዱን ይሞላዋል፣ የሚመጥጠውንም መኪና ቱቦ ይዘጋዋል።

ለሁሉም ሴት ተማሪ ወርሃዊ ፍጆታ ለማቅረብ አትሞክሩ። አንዲት ልጅ በአንድ ወር ዑደት ከ15 እስከ 20 ፓድ ልትጠቀም ትችላለች፤ ይህን በመቶዎች ስታባዢው የትኛውም ክበብ ኪስ አይችለውም። የእናንተ ሥራ ድንገተኛውን መሸፈን ነው። ለአንድ ጥያቄ ሁለት ፓድ ስጡ፦ አንዱ ለአሁን፣ አንዱ ቤት እስክትደርስ፤ ፓድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ይቀየራል። በመጀመሪያው ወር ለ40 ጥያቄ የሚሆን 80 ፓድ፣ ማለትም 8 ባለ 10 እሽግ አዘጋጁ። ስም አትመዝግቡ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ወረቀት ላይ የወሰደችው ልጅ ራሷ አንድ ጭረት ታድርግ። በሦስተኛው ወር ትክክለኛውን ፍላጎታችሁን ከጭረቶቹ ታውቁታላችሁ፤ ወላጆችን ወይም ድርጅት ስትጠይቁም ያንን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። በየሰዓቱ ፓድ የሚያስቀይር ፍሰት ወይም ራስ የሚያስት ሕመም ያለባት ልጅ ካጋጠመች ግን ጉዳዩ ከክበቡ አልፏል፤ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ወንዶቹን አትርሱ። የሚስቁት ስለማያውቁ ነውና የባዮሎጂ መምህራችሁ ለሁሉም የ9ኛ ክፍል ሴክሽን፣ ወንድና ሴት ሳይለይ፣ አንድ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጥበት ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የክበባችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ለመሣሪያ መግዣ የሻይ ቡና ዝግጅት ልናደርግ ነው። በኋላ «በላችሁ» እንዳንባል ምን እናድርግ? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ገንዘቡ በማንም ተማሪ ኪስ አይደር። ትኬቶቹ ከ1 እስከ 200 ቁጥር ይኑራቸው፤ የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይረፍባቸው። ለእያንዳንዱ ሻጭ ከስንት እስከ ስንት ቁጥር እንደወሰደ አስፈርሙ። 200 ትኬት በ20 ብር ከሆነና 37ቱ ሳይሸጥ ከተመለሰ፣ 163 ተሽጧል፤ እጃችሁ ላይ 3,260 ብር መገኘት አለበት። የዕለቱን ስኳርና ቡና ወጪ ከሽያጩ ላይ ቀንሳችሁ የተረፈውን ብቻ አታስረክቡ፤ ሙሉውን ገቢ አድርጋችሁ ወጪውን በደረሰኝ ጠይቁ። ሐሜት የሚጀምረው «የተረፈው ይኸው» ሲባል ነው። ቆጠራው እዚያው በዕለቱ በሦስት ሰው ፊት ይሁን፤ በማግስቱ ለትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ አስገቡና ሕጋዊ የገቢ ደረሰኝ ተቀበሉ። የምትገዙት መሣሪያም በሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ቅጽ) ንብረት ክፍል ገቢ ይሁንና በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ቅጽ) በተጠሪ መምህሩ ስም ወጪ ተደርጎ ወደ ክበቡ ይምጣ። የደረሰኞቹን ቅጂ በክበቡ መዝገብ ጀርባ አጣብቋቸው፤ ሰኔ ላይ ለተተኪው ገንዘብ ያዥ ስታስረክብ ሁለታችሁም እዚያው ገጽ ላይ ፈርሙ።